የአበባ ስጦታና የሽማግሌ ምርቃት በመንዝ ደጋ

በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ለሚኖሩ ሰዎች አበባ ይዞ መሄድ ከፈረንጅ የተቀዳ ልማድ ነው የሚሉ አሉ። ለመንዝ፣ ለግሼና ለመርሐቤቴ ደጋ ይህ አባባል ግማሹ ብቻ እውነት ነው። አበባን በመስኖ ኮትኩቶ፣ አስሮ መሸጥ በእርግጥ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው፤ ኢትዮጵያ ጽጌረዳን ለአውሮፓ ገበያ በብዛት ማቅረብ ከጀመረች ገና ጥቂት አሥርት ዓመታት ናቸው። ከሜዳ የቀጠፉትን አበባ ለትልቅ ሰው ማበርከት ግን የደጋው ሰው በየዓመቱ የሚያደርገው የቆየ ልማድ ነው። የልማዱን አካሄድ ልብ ብሎ ላየ ደግሞ ቁም ነገሩ አበባው ላይ አይደለም። አበባው ተቀባዩን መልሶ ሰጪ ያደርገዋል፤ የልማዱ ፍሬ ነገር ይህ ነው።

መስከረም 1 ቀን ልጃገረዶች አደይ አበባና ለምለም ቄጤማ ይዘው፣ አበባየሆሽ እያሉ በየደጁ ይዞራሉ። የቤቱ ባለቤት አበባውን ተቀብሎ ዝም አይልም፤ ዳቦ ይቆርሳል ወይም ሳንቲም ይሰጣል። ሽማግሌ ከሆነ ደግሞ ይመርቃል። በምርቃቱ ፊት የእርሻው ስፋትና የከብቱ ብዛት አይቆጠርም፤ የጎተራው እህል ያለቀበት ሽማግሌ እንኳ ቆሞ የሚመርቅበት አፍ አለው። ምርቃት በዚያ አገር ባዶ ቃል አልነበረም። መንዝ ውስጥ ተቀምጦ የገበሬውን ኑሮ ያጠናው አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» መጽሐፉ፣ ለአባትና ለታላቅ መታዘዝ የአማራ ገበሬ ቤት የቆመበት ሥርዓት መሆኑን አሳይቷል። ለዚህ ሥልጣን የርስት መሬትም ድጋፍ ነበረው፤ ጧሪ ቀባሪ የሚፈልግ አረጋዊ በእጁ የሚያወርሰው ነገር ነበረው። ስለዚህ አበባ ይዛ የመጣች ልጅ የምትመጣው ሊሰጥ ወደሚችል ሰው ደጅ ነበር።

አበባው በጓሮ አልተተከለም ማለት ጠባቂ አልነበረውም ማለት አይደለም። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው የመንዝ ጓሳ ሜዳ የቀሮ ሥርዓት በሚባል ማኅበራዊ ሕግ ሲጠበቅ ኖሯል። ሥርዓቱን አቅኚዎቹ አባቶች አስቦና ጌራ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንዳቆሙት ይነገራል። ሕዝቡ የመረጠው አለቃ ሜዳውን ሦስት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ድረስ ከአጨዳና ከግጦሽ ይዘጋዋል፤ ሲከፈት ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለጌሳ የሚሆነው ሣር ይታጨዳል፤ ክረምቱ ሲገባ በሐምሌ አቦ ሰውም ከብቱም ከሜዳው ይወጣል። የሕጉ ዓላማ ሣሩ ነበር፤ ይሁን እንጂ አሸንዳው፣ ጦስኙና ጅብራው በዚያው ጥላ ሥር ኖረዋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የቀሮን ሥልጣን ከነርስቱ ሻረ። ኋላ ላይ ማኅበረሰቡ ጥበቃውን በአዲስ መልክ ሲያቋቁመው ሜዳው ተረፈ፤ በሚያወርሰው ርስት ላይ የቆመው የሽማግሌ ሥልጣን ግን እንደ ድሮው አልተመለሰም።

ይህን ልማድ ወደ መጦሪያ ቤት እናምጣው ሲባል ሁለት ጠንካራ ተቃውሞዎች ይነሳሉ። አንደኛው፣ መጦሪያ ቤት ራሱ ለዚህ አገር ባዕድ ስለሆነ የድሮ ልማድ ሊገጥመው አይችልም የሚል ነው። ነገር ግን ሁሉም አረጋዊ በልጁ ቤት ያረጀበት ዘመን አልነበረም፤ ዘመድ ያጣ ወይም ዓለምን የናቀ ሰው ቆብ ደፍቶ በገዳምና በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ይጠጋ ነበር። ዛሬ በአዲስ አበባ እንደ መቄዶንያ ያሉ ማዕከላት ደጋፊ ያጣ አረጋዊን ሲሰበስቡ ከዚያ መጠጊያ ጋር የሚያዛምዳቸው ነገር አለ። ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል፤ አረጋዊ የሚያስፈልገው እንጀራና መድኃኒት ነው፣ አበባ አይበላም ይላል። እንጀራው መቅደሙ አያጠያይቅም። ሆኖም በማዕከል የሚኖር ሰው ቀን ከሌት የሚቀበል ብቻ ነው፤ ምግቡም ልብሱም ሲመጣለት «እግዜር ይስጥልኝ» ከማለት በቀር የሚመልሰው የለውም። በእንቁጣጣሽ ሥርዓት የመጣ አበባ ግን መልስ ይጠይቃል፤ መልሱ ደግሞ እሱ ብቻ ያለው ምርቃት ነው።

አበባ መቅጠፍ ሜዳውን ያራቁታል የሚለው ሥጋትም ተገቢ ነው፤ የቀሮ ታሪክ ራሱ ያለ ገደብ የተነካ ሜዳ እንደማይተርፍ ያስተምራል። ስለዚህ ጓሳ ለጥበቃው ይተው፤ አደይና የአገራችን ጽጌረዳ የሆነው ቀጋ በማዕከሉ ግቢ ይተከሉ። ገበሬ የነበሩት ሽማግሌዎች ወቅቱንና አፈሩን ከማንም በላይ ያውቃሉና አትክልተኛውን ያስተምሩ። መስከረም ሲብት ልጆች ከዚያው ግቢ ቀጥፈው ለአረጋውያኑ ያበርክቱ፤ በእያንዳንዱ አረጋዊ እጅም ቀድሞ የሚቆርሰው ዳቦ ይኑር። ዳቦው ከተዘነጋ ስጦታው ወደ ምጽዋት ይወርዳል፤ ዳቦው ካለ ግን አረጋዊው በዚያች ሰዓት እንደ ቤቱ ባለቤት ይሰጣል፣ እንደ አባት ይመርቃል።