ማሽኑ ያልደረሰበት ወር

የአዲስ አበባዋ ላንቻ ሰፈር ስሟን ያገኘችው ከጣልያን መኪና ነው። እንዲህ ባለ ሰፈር ጋራዥ አጠገብ ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ መካኒኩ ብረቱን በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ጆሮውን ይሰጣል፤ ውስጡ የተሰነጠቀ ብረት ድምፁ ይለያል። አልትራሳውንድም የተወለደው ከዚሁ ጥበብ ነው። የግላስጎው የማኅፀን ሐኪም ኢያን ዶናልድ የብረት ስንጥቅ መፈለጊያ መሣሪያን ወደ ሰው ሆድ አመጣው፤ ከጆን ማክቪካርና ከኢንጂነሩ ቶም ብራውን ጋር ውጤቱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ደግሞ ስቱዋርት ካምቤልና ባልደረቦቹ የራስ ቅሉ ያልተሠራ ፅንስ በዚሁ መንገድ ለዩ።

ዛሬ ነፍሰ ጡሯ ጋደም ብላ ቀዝቃዛው ጄል ሆዷ ላይ ሲፈስ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «ወንድ ነው ሴት?» የሚለው ነው። ሐኪሙ ግን የራስ ቅሉን ይለካል፤ ከዚያም አከርካሪውን ከአንገት እስከ ወገብ አንድ በአንድ ይከተላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ከ24 ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ እንድትታይ መክሯል።

ይህ ምክር ለእኛ የበለጠ ይመለከተናል። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ጥናት፣ በሦስት የአዲስ አበባ የማስተማሪያ ሆስፒታሎች ከ10,000 ወሊድ 126 ያህሉ ላይ የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር አፈጣጠር ጉድለት ተገኝቷል። በአሜሪካ ቁጥሩ ከ10 በታች ነው።

ጉድለቱ ቀድሞ ከታወቀ እናት ቀዶ ሕክምና ባለበት ሆስፒታል ለመውለድ ትዘጋጃለች። የማይድን ከባድ ጉድለት ከሆነም የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 እርግዝናውን ማቋረጥ ይፈቅዳል፤ ውሳኔው የእሷ ነው።

ሆኖም ኅብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦ የሚዘጋው በተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነው፤ ያኔ አብዛኛዋ እናት የወር አበባዋ መቅረቱን እንኳ አላስተዋለችም። በእርግዝና ክትትል የሚሰጣት፣ ብረትና ፎሊክ አሲድ የተባለ ቫይታሚን ያለበት ኪኒን ለደሟ ይጠቅማል፤ ለቱቦው ግን ዘግይቷል። ማሽኑም የሚያሳየው ያለፈውን ነው።

መላው ከተገኘ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ የብሪታንያ ሙከራ፣ እንዲህ ያለ ልጅ ወልደው የነበሩ እናቶች ከመፀነሳቸው በፊት ጀምረው ፎሊክ አሲድ ሲወስዱ ጉድለቱ የመደገሙ ዕድል በ72 በመቶ መቀነሱን አሳየ። «እርግማን ነው» እየተባለች አንገቷን ለደፋች እናት ይህ ትልቅ መልስ ነው።

ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2022 የስንዴ ዱቄት በንጥረ ነገር እንዲበለጽግ አስገዳጅ አድርጋለች። ግን የእኛ ገበታ እንጀራ ነው፤ ጤፉም የሚፈጨው በየሰፈሩ ወፍጮ ቤት ነው። የማይገባበት ቤት የሌለው ጨው ነው፤ አዮዲንን በእሱ አድርሰናል። ፎሊክ አሲድንም በዚያው መንገድ ማድረስ አለብን። እስከዚያው ለማርገዝ ያሰበች ሴት ሁሉ የፎሊክ አሲድ ኪኒኑን ቀድማ ታግኝ። ያን ጊዜ አልጋው ላይ «ወንድ ነው ሴት?» ብላ ስትጠይቅ፣ ሐኪሙ የጠየቀችውን ብቻ ለመመለስ ዕድሉ ይሰፋል።