ስድሳ ዓመት በጎረቤትነት፤ የዶክተር ካትሪን ሐምሊን ታሪክ



እድር ማለት ቀብር ማስፈጸም ብቻ አይደለም። የሞተው ሰው ማን እንደነበረ፣ ምን ሠርቶ እንዳለፈ ማስታወስም የእድር ሥራ ነው። በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ስለ ሟች የምንጫወተው ጨዋታ እኮ ተሰብስቦ ቢጻፍ የሰፈር ብቻ ሳይሆን የአገር ታሪክ ይወጣዋል። ለዚህ ዓመት መጽሔታችን የመረጥኳቸው ሰው የእኛ እድርተኛ አልነበሩም፤ ተወልደው ያደጉትም በሩቅ አገር በአውስትራሊያ ነው። ሆኖም ስድሳ ዓመት ያህል አዲስ አበባ ኖረው እዚሁ አርፈዋል፤ እዚሁም ተቀብረዋል። ሚስት፣ እናትና አያት፣ እንዲሁም ታላቅ ባለሙያ የነበሩትን የዶክተር ካትሪን ሐምሊንን ታሪክ ባጭሩ ላቅርብላችሁ። ዘመኑን የቆጠርኩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ዶክተር ካትሪን ጃንዋሪ 24 ቀን 1924 ሲድኒ ከተማ ተወለዱ። ሕክምና ተምረው በ1946 ተመረቁ። በዚያው ከተማ በሴቶች ሆስፒታል ሲሠሩ የኒውዚላንድ ተወላጅ ከሆኑት የማህፀንና የወሊድ ሐኪም ከዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን ጋር ተዋወቁና በ1950 ተጋቡ። አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ፤ ውሎ አድሮም የልጅ ልጆች ለማየት በቁ።

በ1958 ባልና ሚስቱ በአንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ማስታወቂያ አዩ። የአዲስ አበባው የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል፣ በኋላ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል የተባለው ማለት ነው፣ የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት የሚያቋቁም የወሊድ ሐኪም ይፈልግ ነበር። ሆስፒታሉ በስማቸው የተሰየመላቸው ልዕልት ፀሐይ ራሳቸው እንግሊዝ አገር ነርስነት የተማሩ ነበሩ፤ በ1942 ነቀምት ላይ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሕመም በወጣትነታቸው ተቀጠፉ። ሐምሊኖች የሦስት ዓመት ውል ፈርመው በ1959 ትንሹን ልጃቸውን ይዘው መጡ። ሦስት ዓመት የተባለው ነገር ነው እንግዲህ የዕድሜ ልክ ሆኖ የቀረው።

ምን አስቀራቸው ቢባል መልሱ አንድ ነው፤ ፊስቱላ።

ይህ ሕመም እንዴት እንደሚመጣ ማወቅ ለሁላችንም ይጠቅማል። አንዲት ሴት ምጥ ጠንቶባት፣ የልጁ ጭንቅላት አላልፍ ብሎ ሁለት ሦስት ቀን ስትቆይ፣ ጭንቅላቱ ገላዋን ከዳሌ አጥንቷ ጋር አጣብቆ ይጫነዋል። ደም ሳይደርሰው የቆየው ሥጋ ይሞትና ይበሳል። ልጁ አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል። እናቲቱ ብትተርፍም ሽንቷ፣ አንዳንዴም ዓይነ ምድሯ፣ ያለፈቃዷ ሌት ተቀን ይፈሳል። ከዚያ በኋላ ያለው ደግሞ የእኛ የሰዎች ሥራ ነው። ባል ይፈታታል፤ ጎረቤት ከሽታው ይሸሻል። እሷም አፍራ ከገበያው፣ ከማኅበሩ፣ ከለቅሶው ትቀራለች። በቁሟ ከሰው መሐል ትወጣለች ማለት ነው።

ሐምሊኖች ወደ አገራችን ከመምጣታቸው በፊት እንዲህ ያለ ሕመምተኛ በዓይናቸው አይተው አያውቁም ነበር። በበለጸጉት አገሮች ምጥ የጠናባት ሴት በጊዜ በቀዶ ጥገና ስለምትገላገል በሽታው ከሰው አእምሮ ወጥቷል። ለዚሁ በሽታ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኒውዮርክ ውስጥ የተከፈተ ሆስፒታል ነበር፤ ኋላ ቦታው ላይ ትልቅ ሆቴል ተሠራበት። የጠፋ በሽታ ሐኪም አያስፈልገውምና። በእኛ ዘንድ ግን ሴቶቹ ከሩቅ ገጠር በእግርም በአውቶቡስም እየመጡ በሩን ያንኳኩ ነበር። ባልና ሚስቱ የድሮ መጻሕፍት እያገላበጡ፣ ልምድ ላላቸው ሐኪሞች እየጻፉ ቀዶ ጥገናውን ተማሩት። አንዲቱ ድና ስትመለስ ወሬው ተሰማ፤ በወሬው ሌሎች መጡ።

በ1974 ለእነዚህ ሴቶች ብቻ የሚሆን የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን አቋቋሙ። ዓመቱ አብዮቱ የፈነዳበት ነው። ብዙ የውጭ አገር ሰዎች ጓዛቸውን ጠቅልለው ሲሄዱ እነሱ አልሄዱም። የሆስፒታሉ ሕክምና በነፃ ነው። ታማሚዋ ስትድን አዲስ ቀሚስ ለብሳ ወደ አገሯ ትሸኛለች። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ለዓመታት እርጥብ ጨርቅ ለብሳ ለኖረች ሴት ደረቅና ንጹሕ ቀሚስ ወደ ሰው መመለሻዋ ነው።

ከታከሙት አንዷ ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ናቸው። በልጅነታቸው ከገጠር መጥተው ታከሙ፤ ከዚያም አልጋ በማንጠፍ ሥራ ጀመሩ። ትምህርት ቤት ሳይገቡ ከሐምሊኖች ጎን ቆመው እያዩ እየረዱ ራሳቸው ቀዶ ጠጋኝ ሆኑ፤ ለሌሎች ሐኪሞችም አስተማሩ። ሙያን ደብቆ የማይዝ ባለሙያ ማለት እንዲህ ነው።

ዶክተር ሬጂናልድ በ1993 አረፉ። ወይዘሮዋ በዚያን ጊዜ ስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። ልጅና የልጅ ልጆች ያሏት ሴት አገሬ ገብቼ ልረፍ ብትል ማንም አይፈርድባትም። እሳቸው ግን በሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ባለችው ቤታቸው እየኖሩ ሥራቸውን ቀጠሉ። ከዚያ በኋላ የሠሩት ከቀድሞው አያንስም። በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ቅርንጫፍ ሆስፒታሎች ተከፈቱ። ጉዳታቸው ጨርሶ ላልዳነላቸው ሴቶች ደስታ መንደር ተሠራላቸው። በ2007 ደግሞ የአዋላጆች ኮሌጅ ተቋቋመ፤ በ1959 የመጡበት ዓላማ መሆኑ ነው። በ2012 ኢትዮጵያ የክብር ዜግነት ሰጠቻቸው። ሆስፒታሎቹ ያከሟቸው ሴቶች ቁጥር ከ60,000 በላይ ነው።

ዶክተር ካትሪን ማርች 18 ቀን 2020፣ በእኛ መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በ96 ዓመታቸው አረፉ። ወቅቱ የኮሮና በሽታ አገራችን መግባቱ የተነገረበት ሰሞን ነበር።

እንግዲህ ይህን ታሪክ በእድር መጽሔት ላይ ማውጣቴ ለምንድን ነው? ፊስቱላ ከድህነትና ከመንገድ ርቀት ጋር የተያያዘ ቢሆንም ከጎረቤትም ጋር የተያያዘ ስለሆነ ነው። ሐኪም የበሳውን ይሰፋል፤ የተገለለችውን ሴት መልሶ ከሰው መሐል ማስቀመጥ ግን የጎረቤት ሥራ ነው። በገጠር ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ ተሸክሞ ጤና ጣቢያ የሚያደርሳት ያው ሬሳ የሚሸከመው የመንደር ሰው ነው። ሸክሙ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ቶሎ መነሣቱ ላይ ነው። አንድ ሰዓት ቀድሞ የተነሣ ሸካሚ ሁለት ነፍስ ያተርፋል፤ የዘገየ ግን ለቀብር ይደርሳል።

በከተማም ቢሆን ነገሩ ያው ነው። በየሰፈራችን ነፍሰ ጡር የሆነችው ማን እንደሆነች፣ ሌሊት ምጥ ቢመጣባት መኪና ያለው ጎረቤት የትኛው እንደሆነ አስቀድመን እንወቅ። ጥሩምባ የሚነፋልን ለሞት ብቻ መሆን የለበትም። የቤት ሠራተኛም ሆነች ከገጠር የመጣች ዘመድ፣ ሽንቷን መቆጣጠር ያልቻለች ሴት ብታጋጥመን አፍንጫችንን ከምንይዝ፣ ሕመሙ እንደሚታከምና ሕክምናውም በነፃ እንደሆነ እንንገራት፤ ይዘናትም እንሂድ።

የዶክተር ካትሪን ዘመዶች ባሕር ማዶ ነበሩ፤ እሳቸው ግን ዘመድ የሸሻቸውን ሴቶች ዘመድ አድርገው ኖሩ። ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት ያኑርልን። ለሚወልዱት እህቶቻችንና ልጆቻችን ሁሉ ደግሞ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ ለማለት ያብቃን።