ስድስተኛው ሲሊንደር ያመጣው መከራ

እንግዲህ ጆሮ ስጡኝ፤ የአንድ ብረት ታሪክ ላውጋችሁ። ከሞተር ሆድ ውስጥ ተጋድሞ የፒስተኖችን ምት ወደ ሽክርክሪት የሚለውጠው፣ ክራንክ ሻፍት የምንለው ብረት ነው።

ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1905፣ ቦታው ማንቸስተር፣ ኩክ ስትሪት። የወርክሾፑ ጌታ ሄንሪ ሮይስ ነው፦ አባቱ በልጅነቱ ሞተውበት ጋዜጣ እየሸጠ ያደገ፣ ኋላም በኤሌክትሪክ ክሬን ሥራ ስም ያወጣ ሰው። በ1904 የመጀመሪያ መኪናውን አስነሣ። በዚያው ዓመት ቻርልስ ሮልስ ከሚባል የመኳንንት ልጅ ጋር ተገናኝቶ እሱ ሊሠራ፣ ሮልስ ሊሸጥ ተስማሙ።

ባለጸጋ ገዢ ደግሞ ከጉልበቱ ይልቅ ጸጥታውን ይወድዳል። ሲሊንደሩ ስድስት ሲሆን ምቱ ይቀራረባል፣ ጉዞው ይለሰልሳል። ኔፒየር የተባለው የለንደን ፋብሪካ ቀድሞ ስድስት አወጣ፤ ሮይስም በባለ 30 የፈረስ ጉልበቱ ተከተለ። መከራው የመጣው ይኼኔ ነው። ሞተሩ ዝግ ሲል ደህና፣ ሲፈጥንም ደህና፤ መሐል ላይ አንድ ፍጥነት ሲደርስ ግን ያጓራል፣ ይንቀጠቀጣል። እዚያው ፍጥነት ላይ ከቆዩበት ሻፍቱ ይሰበራል!

ምን ነክቶት? እያንዳንዱ ምት ሻፍቱን እንደሚጨመቅ ነጠላ ይጠመዝዘዋል፤ ብረቱም ተመልሶ ይፈታል። ይህ መጠምዘዝና መፈታት የራሱ ምት አለው። አጭሩ የአራት ሲሊንደር ሻፍት ምቱ ፈጣን ስለሆነ ሞተሩ አይደርስበትም። ስድስት ሲሆን ሻፍቱ ይረዝማል፣ ምቱም ይዘገያል፤ የፍንዳታው ምት ከእሱ ጋር ሲገጥም አንዱ በሌላው ላይ እየተደመረ ያድጋል። ኔፒየርንም የሚያንኳኳ ድምፅ አልማረውም ነበር፤ ሻጩ ኤስ. ኤፍ. ኤጅ ግን «የጉልበት ድምፅ ነው» እያለ ደንበኛውን ያግባባ እንደነበር ይነገራል።

ሮይስ እንዲህ ያለ ማባበያ አልተዋጠለትም። እኔ ይህን ሰው የምወድደው እዚህ ላይ ነው፤ ነገሩን ከሥሩ ጀመረው። ሁለት ሁለት ሆነው በሦስት ተከፍለው ይቆሙ የነበሩትን ሲሊንደሮች ሦስት ሦስት አድርጎ በሁለት አቆማቸው። የፒስተኑን ጉዞ ከ127 ሚሊሜትር ወደ 114 አሳጠረው፤ በዚህም የሻፍቱ ክርኖች አጠሩ። ሻፍቱን አወፈረው፣ በሰባት ኩሽኔታ አስደገፈው፣ ዘይትም በግፊት እንዲደርሰው አደረገ። አሁን የሚያጓራበት ፍጥነት ሞተሩ ከሚሠራበት በላይ ሸሸ።

ይህን ሞተር የያዘው፣ ባለ 40/50 የፈረስ ጉልበት የተባለው መኪና በ1906 ማብቂያ በለንደኑ የኦሎምፒያ ኤግዚቢሽን ቀረበ። በቀጣዩ ዓመት ከእነዚህ መኪኖች አንዱ፣ በብር ቀለም የተቀባው «ሲልቨር ጎስት»፣ በለንደንና በግላስጎው መካከል ሌት ተቀን ይመላለስ ጀመር፤ የአውቶሞቢል ክለብ ታዛቢዎች አብረውት። 629ኛው ማይል ላይ ቆመ። ልብ በሉ፣ ሞተሩ አይደለም፤ በመንገዱ ንዝረት የቤንዚኑ መዝጊያ ተዘግቶ ነው። ከፍተው ቀጠሉ። ከዚያ ወዲያ 14,371 ማይል፣ ማለትም ከ23,000 ኪሎሜትር በላይ፣ ያለ አንድ ያልታሰበ መቆም ሄደ።

ሲጨርስ ታዛቢዎቹ ሞተሩን ፈትተው እያንዳንዱን ክፍል ለኩ። በሞተሩ ላይ የሚለካ ማለቅ አላገኙም። መኪናውን እንደ አዲስ ለማድረግ ያስፈለገው ዕቃም ዋጋው ከ2 ፓውንድ ጥቂት ቢያልፍ ነው።