መኪናችን ዘይት ሲበላ፦ ምክንያቱ፣ ምርመራውና መፍትሔው

ብዙ ቤተሰቦቻችን የሚነዱት ከሌላ ሰው እጅ የተገዛ፣ ዕድሜው የገፋ መኪና ነው። እኛ በማኅበራዊ አገልግሎት ሥራችን ከቤተሰቦች ጋር ስለ ገቢና ወጪ ስንነጋገር የመኪናው ነገር ሳይነሳ አይቀርም። ከሌሊት ፈረቃ የሚመለሰው አባት፣ አውቶቡስ ሳይጀምር ለጽዳት ሥራ የምትወጣው እናት፣ ወደ ሐኪም የሚወሰዱት አያት ሁሉም በዚያው መኪና ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው። መኪናው ሲቆም ደመወዙም ይቆማል።

በዚህ ረገድ ደጋግመን የምንሰማው አቤቱታ «መኪናው ዘይት ይበላል» የሚለው ነው። አንዳንዱ ነገሩን ችላ ብሎ ቀዩ መብራት እስኪበራ ይነዳል፤ በመጨረሻም ሞተሩ ይነክሳል። ሌላው ደግሞ «ሞተሩ አልቋል» የሚል ቃል ገና እንደሰማ ተበድሮ ሞተር ያስቀይራል፤ ችግሩ ግን በአንዲት ትንሽ ዕቃ ሊፈታ የሚችል ሊሆን ይችል ነበር። ሁለቱም የተጎዱት ሳይለኩ በመወሰናቸው ነው። ስለዚህ ጉዳዩን ከመጀመሪያው ጀምረን በቅደም ተከተል እናቀርባለን።

ምን ያህል ዘይት መቀነስ የተለመደ ነው?

የሞተር ዘይት ብረት ከብረት ጋር እንዳይፋጭ ያለሰልሳል፣ ሙቀት ይቀንሳል፣ ቆሻሻ ያጥባል፣ በፒስተንና በሲሊንደር መካከል ያለውን ክፍተትም ይዘጋል። በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ከሚቀረው ስስ ዘይት ጥቂቱ ከነዳጁ ጋር ስለሚቃጠል ጤናማ ሞተርም ቢሆን ትንሽ ዘይት መጠቀሙ አይቀርም።

አምራቾች የሚያስቀምጡት ወሰን የተለያየ ነው። አንዳንዶቹ በ1,000 ኪሎ ሜትር እስከ ግማሽ ሊትር፣ አንዳንዶቹም እስከ 1 ሊትር የሚደርሰውን እንደ ተቀባይነት ያለው ፍጆታ ይቆጥሩታል። በተግባር ግን ደህና ሞተር ከአንድ የዘይት ቅያሪ እስከሚቀጥለው ምንም ወይም ጥቂት ብቻ ያስጨምራል። በ1,000 ኪሎ ሜትር ግማሽ ሊትር ከደረሰ ምክንያቱን መፈለግ ይገባል፤ 1 ሊትር ከደረሰ ደግሞ ማዘግየት አይገባም።

ችግሩ ሁልጊዜ የእርጅና ወይም የአያያዝ ጉድለት እንዳልሆነም ማወቅ ጥሩ ነው። ለምሳሌ ከ2007 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. በተሠሩ አንዳንድ ባለ አራት ሲሊንደር ቶዮታ ካምሪ መኪኖች ላይ የተገጠመው 2ኤዜድ-ኤፍኢ የተባለው ሞተር ዘይት በመብላት የታወቀ ሆነ። ኩባንያው በአሜሪካ የዋስትናውን ጊዜ አራዝሞ ፒስተንና ቀለበቶቹን እስከ መቀየር ደርሷል። ስለዚህ መኪናችሁ የተገጠመለትን የሞተር ዓይነት ማወቅ ለምርመራው ይረዳል።

መጀመሪያ መለካት

1. መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ። ሞተሩን ካጠፋችሁ በኋላ ዘይቱ ወደ ታች እንዲወርድ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ጠብቁ።

2. ኮፈኑን ከፍታችሁ የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጡ፤ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉና እስከ መጨረሻው መልሳችሁ ከከተታችሁ በኋላ እንደገና አውጥታችሁ አንብቡ። ዘይቱ በታችኛውና በላይኛው ምልክት መካከል መሆን አለበት። በብዙ የቤት መኪኖች በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ልዩነት ወደ 1 ሊትር ይጠጋል።

3. ዘይቱን እስከ ላይኛው ምልክት ሙሉ። ቀኑንና የኪሎ ሜትሩን ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ መኪናው ውስጥ አስቀምጡ።

4. በየሳምንቱ፣ ከተቻለ በዚያው ቦታ፣ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ለኩ። 1,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ እስከ ላይኛው ምልክት ለመመለስ የጨመራችሁት መጠን የመኪናችሁ ትክክለኛ ፍጆታ ነው።

ይህ ወረቀት ዋጋው ቀላል አይደለም። ጋራዥ ስትሄዱ «ብዙ ይበላል» ከማለት «በ1,000 ኪሎ ሜትር 700 ሚሊ ሊትር ይበላል» ማለት ሌላ ነገር ነው፤ ባለሙያውም የሚያነጋግረው የሚያውቅ ሰው እንደሆነ ይረዳል።

ስትጨምሩ ከላይኛው ምልክት አታሳልፉ። ከመጠን ያለፈ ዘይት በሚሽከረከሩት የሞተር ክፍሎች ተመትቶ አረፋ ይሆናል፣ ማሸጊያዎችንም ሊጎዳ ይችላል። ሞተሩም የተረፈውን በትንፋሽ መስመሩ ስቦ ስለሚያቃጥለው ፍጆታው ይብሳል።

ዘይቱ የት ይሄዳል?

የመጀመሪያው መንገድ መፍሰስ ነው። መኪናው ካደረበት ቦታ ሥር ካርቶን አንጥፋችሁ ጠዋት ተመልከቱ። በቫልቭ ክዳኑ ጓርኒሲዮን፣ በዘይት ማጣሪያው፣ በማፍሰሻው ቡሎን፣ በዘይት ግፊት መለኪያው ወይም በሞተሩ ፊትና ኋላ ባሉት ማሸጊያ ጎማዎች በኩል ሊፈስ ይችላል። አንዳንዱ ዘይት መሬት ሳይደርስ በጋለው የጭስ ማውጫ ላይ ስለሚቃጠል ሽታው ብቻ ይታወቃል።

ሁለተኛው በሞተሩ ውስጥ መቃጠል ነው። ምክንያቱ ከአራቱ አንዱ ሊሆን ይችላል፦

የትንፋሽ ቫልቭ (ፒሲቪ) መደፈን፦ ይህች ትንሽ ቫልቭ በሞተሩ ውስጥ የሚጠራቀመውን ጋዝ ታስወጣለች። ከተበላሸች ግፊቱ ዘይቱን ወደማይገባው ቦታ ይገፋዋል። ብዙውን ጊዜ ከጥገናዎች ሁሉ ርካሹ ይህ በመሆኑ ከእሱ መጀመር ይገባል።

የቫልቭ ጎማዎች መድረቅ፦ በሙቀትና በዕድሜ ይደርቃሉ። ምልክቱ መኪናው አድሮ ጠዋት ሲነሳ ለጥቂት ጊዜ የሚወጣ ሰማያዊ ጭስ ነው። ከቁልቁለት በኋላ ነዳጅ ሲረገጥም ይታያል።

የፒስተን ቀለበቶች መያዝ ወይም ማለቅ፦ ዘይት ጠራጊው ቀለበት በተቃጠለ ዘይት ዝቃጭ ተይዞ መሥራት ሊያቆም ይችላል፤ ወይም ከነጭራሹ ይበላል። ምልክቱ መኪናው ዳገት ሲወጣ ወይም ጉልበት ሲጠየቅ የማይቋረጥ ሰማያዊ ጭስ ነው።

ተርቦ፦ ተርቦ ያላቸው መኪኖች በእርሱም በኩል ዘይት ሊያጡ ይችላሉ።

ሦስተኛው ከውኃ ጋር መደባለቅ ነው። የሞተሩ ራስ ጓርኒሲዮን ሲቃጠል ዘይትና ውኃ ሊገናኙ ይችላሉ። በራዲያተሩ ውኃ ላይ ዘይት ከታየ ወይም ዘይቱ ወተት መስሎ ከወጣ መኪናውን አትንዱ፤ በአስቸኳይ አስመርምሩ። ሞተሩ ትኩስ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን መክፈት ያቃጥላልና ተጠንቀቁ።

ጭሱን በቀለሙ መለየት ይቻላል። ሰማያዊ የዘይት ነው። ጥቁር የቤንዚን ብዛት ነው። የማይቋረጥ ወፍራም ነጭ ጭስ ብዙውን ጊዜ የውኃ ነው። በክረምት ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ የሚታየው ስስ ነጭ ግን ተራ እንፋሎት ስለሆነ አያስፈራም።

ቀዩ መብራት ሲበራ

በብዙ አሮጌ መኪኖች የዘይት ማንቆርቆሪያ ሥዕል ያለበት ቀይ መብራት የሚያሳየው የዘይቱን መጠን ሳይሆን ግፊቱን ነው። መብራቱ እስኪበራ ዘይቱ ከታችኛው ምልክት እጅግ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እየነዳችሁ ከበራ «ቤት ልድረስ» አትበሉ። መንገድ ዳር በደህና ቦታ ቁሙ፣ ሞተሩን ወዲያው አጥፉ፣ ዘይቱን ለኩ። ዘይቱ ደህና ሆኖ መብራቱ ካልጠፋ መኪናው በጎታች እንጂ በራሱ መሄድ የለበትም። ጥቂት ኪሎ ሜትር ለማትረፍ ሲባል ሙሉ ሞተር ይጠፋል።

መፍትሔዎቹ ከርካሹ ወደ ውዱ

በመጀመሪያ ዘይቱንና ማጣሪያውን በጊዜው መቀየርና ትክክለኛውን ዓይነት መጠቀም ነው። በጣሳው ላይ የሚጻፈው ለምሳሌ 5ደብሊው-30 ሲሆን፣ የፊተኛው ቁጥር በብርድ ጊዜ የሚኖረውን ፍሰት፣ የኋለኛው ሞተሩ ሲግል የሚኖረውን ውፍረት ያመለክታል። የመኪናው መመሪያ የሚፈቅድ ከሆነ ላረጀ ሞተር ከ30 ወደ 40 ከፍ ማለት ፍጆታውን ሊቀንስ ይችላል። መመሪያው ከሚፈቅደው ውጭ ግን በጣም ወፍራም ዘይት መጨመር ሞተሩን ይጎዳል።

ቀጥሎ የሚፈሰውን ማሸግና የትንፋሹን ቫልቭ መቀየር ይመጣል። ከዚያ የቫልቭ ጎማዎችን መቀየር ነው፤ በብዙ ሞተሮች ባለሙያው የሞተሩን ራስ ሳያወርድ ሊሠራው ይችላል። ቀለበቶቹ በዝቃጭ ብቻ የተያዙ ከሆነ በማጽጃ ፈሳሽ ማላቀቅ አንዳንዴ ይሠራል፤ ያለቀ ቀለበት ግን በፈሳሽ አይድንም። በጠርሙስ የሚሸጠው «ዘይት መብላትን የሚያቆም» መድኃኒት ብዙ ጊዜ ዘይቱን ከማወፈር አያልፍም። የመጨረሻው ሞተር አውርዶ ማደስ ወይም መቀየር ነው።

ወደ መጨረሻው ከመሄድ በፊት የሲሊንደር ግፊት ምርመራ (በዲካት ኮምፕሬስያ) ይደረግ። ግፊቱ ዝቅተኛ በሆነበት ሲሊንደር ውስጥ ጥቂት ዘይት ጠብ ተደርጎ እንደገና ሲለካ ግፊቱ ከፍ ካለ ጥፋቱ የቀለበት ነው፤ ካልተለወጠ ጥፋቱ ወደ ቫልቭ ያመለክታል። ይህ ምርመራ ሳይደረግ «ሞተር ይቀየር» የሚል ፍርድ ሲሰጥ ሁለተኛ ባለሙያ መጠየቅ ተገቢ ነው።

መጠገን ወይስ እየጨመሩ መንዳት?

ሒሳቡን በወረቀት አስሉት። መኪናችሁ በ1,000 ኪሎ ሜትር ግማሽ ሊትር የሚበላና በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር የምትነዱ ከሆነ በዓመት የምትጨምሩት 7.5 ሊትር ዘይት ነው። የዚህን ዋጋ ከጥገናው ዋጋ፣ የጥገናውን ዋጋ ደግሞ ከመኪናው ዋጋ ጋር አስተያዩ። ለአሮጌ መኪና በየሳምንቱ እየለኩ መጨመር የሚያዋጣበት ጊዜ አለ።

ነገር ግን ወሰን አለው። የሚቃጠል ዘይት ካንዴላዎቹን ያቆሽሻል፣ ጭሱን የሚያጣራውን ውድ ዕቃ (በዕብራይስጥ ማሚር ካታሊቲ) ያበላሻል፣ አየሩን ይበክላል፤ መኪናው በዓመታዊው ቴስት የጭስ ምርመራ ሊወድቅም ይችላል። ደግሞም ዘይት መጨመር ዘይት መቀየርን አይተካም፤ ዝቃጩ እዚያው ሞተሩ ውስጥ ይቀራልና።

ሙሳኽ ስትሄዱ

ዕብራይስጡ የሚቸግራችሁ ከሆነ እነዚህን ቃላት ያዙ። «ሃሬኼቭ ኦኼል ሼሜን» ማለት መኪናው ዘይት ይበላል ማለት ነው፤ አባባሉ እንደ እኛው ነው። ኔዚላ መፍሰስ፣ አሻን ካኾል ሰማያዊ ጭስ፣ ታባዖት ቀለበቶች፣ ጉሚዮት ሻስቶሚም የቫልቭ ጎማዎች፣ ሺፑፅ ማኖዓ ሞተር ማደስ፣ ሃፃዓት መሒር የዋጋ ግምት ማለት ናቸው።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት የዋጋውን ግምት በጽሑፍ ጠይቁ። «ያልተስማማንበት ሥራ ቢገኝ ሳትነግሩኝ አትጀምሩ» በሉ። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ፤ ደረሰኙንም አትጣሉ። አለመግባባት ቢፈጠርና ባትስማሙ ያለ ጠበቃ ራሳችሁ የምትቀርቡበት የአነስተኛ ክሶች ፍርድ ቤት (ቤት ሚሽፓት ሊትቪዖት ቅታኖት) አለ። እዚያ የሚናገረው ወረቀቱ ነው።

አሮጌ መኪና ለምትገዙ

«ቴስት አለው» ማለት «ሞተሩ ደህና ነው» ማለት አይደለም። ቴስቱ ፍሬኑን፣ መብራቱን፣ መሪውን፣ ጭሱን ያያል እንጂ መኪናው በወር ስንት ሊትር ዘይት እንደሚበላ አይነግራችሁም። መኪናውን ስታዩ ሞተሩ ቀዝቅዞ ይጠብቃችሁ፤ አስቀድሞ ከሞቀ የጠዋቱ ጭስ አይታያችሁም። ሲነሳ አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ ጭሱን ይመልከት። ዘንጉን አውጥታችሁ ዘይቱን እዩ። ከክፍያ በፊትም በገለልተኛ የምርመራ ጣቢያ አስመርምሩ፤ የግፊት ምርመራም እንዲጨመር ጠይቁ። ለምርመራ የሚከፈለው ገንዘብ ከሚያስቀረው ዕዳ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው።

በመጨረሻም፣ የምታወጡትን የተቃጠለ ዘይት በአፈር ላይ ወይም በፍሳሽ ቦይ ውስጥ አትድፉት፤ ውኃን ይመርዛልና ለሚቀበል ሙሳኽ አስረክቡ። አሮጌ መኪና መንዳት አያሳፍርም፤ የሚያከስረው ሳይለኩ መንዳት ነው። በሳምንት አምስት ደቂቃ፣ አንድ ቁራጭ ጨርቅና አንድ ወረቀት ካላችሁ መኪናችሁ ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግላችሁ ይችላል። መልካም መንገድ!