ማን ሊያየው?

ኢሜይል ድሮ የሚያርፈው ቀን ከሌት በማይጠፋ የዩኒክስ ኮምፒውተር ላይ ነበር፤ ማንበብ የፈለገ እዚያው ገብቶ ያነባል። በ1984 እ.ኤ.አ. ጆይስ ሬይኖልድስ ፖፕ የሚባለውን አሠራር በጽሑፍ አወጣች፦ ጠረጴዛችን ላይ ያለው ኮምፒውተር ሲበራ ፖስታውን ጠይቆ ይወስዳል።

እኔም በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መሥሪያ ቤታችን በነበረው ሰን ማሽን ላይ ፖፕ 3ን ጫንኩ። ፕሮግራሙን ኮምፓይል አድርጎ፣ ፖርት 110ን አስመዝግቦ፣ የኢኔትዲ ፋይል ላይ አንድ መስመር መጨመር ነው፤ በቃ። በቴልኔት ስሞክረው «ኦኬ» ሲለኝ ደስታዬን አትጠይቁኝ!

ማታ በኔትወርኩ የሚያልፈውን ስከታተል ግን የአንድ ባልደረባዬ ፓስወርድ ፊደል በፊደል ስክሪኔ ላይ መጣ። ፖፕ ያኔ በተለመደው አሠራሩ ፓስወርድን ሳይሸፍን ነበር የሚልከው፤ ያው ፓስወርድ ደግሞ ዩኒክሱ ውስጥ መግቢያም ነበር። ጠዋት ለአለቃዬ ነገርኩት።

«ማን ሊያየው?» አለኝ።

«እኔ አየሁት!» አልኩት።