«ገደለ እንጂ አልሰረቀም»

ጄኔራል አውግስቶ ፒኖቼ የቺሊን ፕሬዚዳንት ሳልቫዶር አየንዴን የገለበጠው በ1966 ዓ.ም. በዕለተ እንቁጣጣሽ ነው። ደርግ ንጉሡን ያወረደው በዓመት ከአንድ ቀኑ መሆኑ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1988 ፒኖቼ «ልቀጥል ወይስ ይብቃኝ?» የሚል ሕዝበ ውሳኔ ጠርቶ ተሸነፈ። ግን ቁጥሩን ልብ በሉ፤ 44 ከመቶው «ይቀጥል» ብሏል። ዴሞክራሲ ሲመጣ እነዚህ ሰዎች የትም አልሄዱም። ሰውየውም አልሄደም። እስከ 1998 የጦሩ ዋና አዛዥ ሆኖ ቆየ፤ ከዚያ የዕድሜ ልክ ሴናተር ሆነ።

በ1991 የሬቲግ ኮሚሽን ከ2 ሺህ በላይ ሰዎች መገደላቸውንና ደብዛቸው መጥፋቱን በሰነድ አረጋገጠ። ፕሬዚዳንት ፓትሪሲዮ ኤይልዊን በቴሌቪዥን ቀርበው እንባ እየተናነቃቸው በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠየቁ። የፒኖቼ ደጋፊ ግን ብዙም አልተናወጠም። ሬሳው የሌላው ወገን ነበራ! «ከኮሚኒስት አዳነን፣ ኢኮኖሚውን አቆመልን» የሚለው መልስ ድሮም ዝግጁ ነበር።

ያናወጠው ገንዘብ ነው። በ2004 የአሜሪካ ሴኔት ምርመራ ፒኖቼ ዋሽንግተን በሚገኘው ሪግስ ባንክ እስከ 8 ሚሊዮን ዶላር ደብቆ እንደነበር አጋለጠ። «ጨካኝ ቢሆንም እጁ ንጹሕ ነው» ሲሉ የኖሩ ፖለቲከኞች ያኔ መሸሽ አበዙ። ለሺዎች ሞት ያላፈረ ሰው ለባንክ ደብተር አፈረ።

አንፍረድባቸው። እኛም ዘንድ ስለ መንግሥቱ ኃይለማርያም «ገደለ እንጂ አልሰረቀም» ሲባል ታክሲ ውስጥ ያልሰማ ጥቂት ነው። ተናጋሪው ለሟቹ ስንት ዋጋ እንደተመነ ልብ አይለውም።

ፒኖቼ በዲሴምበር 2006 ሲሞት ፕሬዚዳንት ሚሼል ባችሌት መንግሥታዊ የቀብር ሥርዓት ከለከሉ። አባታቸው፣ የአየር ኃይል ጄኔራል የነበሩት፣ በ1974 እስር ቤት ነው የሞቱት። ያም ሆኖ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አስከሬኑን ለመሰናበት ተሰለፈ። ከሰልፈኛው መካከል በፒኖቼ የስለላ ድርጅት የተገደሉት የጄኔራል ካርሎስ ፕራትስ የልጅ ልጅ ነበር። ተራውን ጠብቆ ደረሰና የሬሳ ሣጥኑ መስታወት ላይ ተፋ።

እንግዲህ አበቃለት ሲባል፣ መፈንቅለ መንግሥቱ 50 ዓመት በሞላበት በ2023 በተደረገ ጥናት 36 ከመቶው «ወታደሮቹ ልክ ነበሩ» አለ። ከ10 ዓመት በፊት ከነበረው ከእጥፍ በላይ ነው። ያን ሰሞን የቺሊ ሰው ትልቁ ስጋት ወንጀል ነበር፤ አብዛኛው ቺሊያዊ ደግሞ ከ1973 በኋላ የተወለደ ነው። የሪግስ ባንክን ነገር የሚያነሳ እምብዛም አልነበረም።