“እንደ ጥይት” ስንል

በአማርኛችን ፍጥነትን ለማመልከት ከምንጠራቸው ተነጻጻሪዎች መካከል ጥይትን የሚስተካከል ያለ አይመስለኝም። ፈረሱ እንደ ጥይት ተፈተለከ እንላለን፤ ቃሉ እንደ ጥይት ከአፉ ወጣ እንላለን፤ ነገር ቶሎ የሚገባውን ብላቴናም “ጥይት ነው” ብለን እናሞግሳለን። በቀረርቶውና በፉከራው ውስጥማ ጥይት የማይነሳበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሆኖም በዚህ ንጽጽር የምንጠቀም ሁሉ፣ በዓይናችን ተከትለነው የማናውቀውን ነገር መለኪያ አድርገን እንደምንናገር ልብ አንልም። የምናየው ጭሱን፣ የምንሰማው ጩኸቱን፣ የምናገኘው ቀዳዳውን ነው። በእነዚህ መካከል ያለው መንገድ ከእኛ የተሰወረ ነው።

ለመሆኑ ጥይት ምን ያህል ይፈጥናል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። የሰው ልጅ ግን ባሩድን በጦር ሜዳ ማንደድ ከጀመረ በኋላ ለዚህ ጥያቄ አጥጋቢ መልስ እስኪያገኝ ድረስ ከአራት መቶ ዓመት ያላነሰ ጊዜ ፈጅቶበታል። በዚህ ጽሑፍ ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለዚያ መልስ ነው። (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሞ አንድ ነገር እንለይ። በልማድ ጥይት የምንለው ሙሉውን ነው፤ ቀለሁን፣ በውስጡ ያለውን ባሩድና ጫፉ ላይ የተሰካውን አረር በአንድነት። ከአፈሙዙ ወጥቶ የሚበረው ግን አረሩ ብቻ ነው። የፍጥነቱ ታሪክም የአረር ታሪክ ነው።

የጥንት መድፈኞች የሚያውቁት ሁለት ነገር ነበር፦ መሣሪያቸው ምን ያህል ወደ ላይ እንደ ቀናና ድንጋዩ ወይም ብረቱ የት እንደ ወደቀ። ጣሊያናዊው ታርታሊያ በ1537 የተኩስን ነገር በሒሳብ ለመግለጽ የሞከረ መጽሐፍ አሳተመ። ከእርሱ መቶ ዓመት በኋላ፣ በ1638፣ ጋሊልዮ የተወረወረ ነገር የአየርን ተቃውሞ ወደ ጎን ብንተው ፓራቦላ የሚባለውን ቅስት መንገድ እንደሚከተል አሳየ። የጋሊልዮን ትምህርት የወረሱት ብዙዎች ግን “ብንተው” የሚለውን ቃል ረሱት። አየር ስስ ነው፤ ከባዱን ብረት ምን ሊያደርገው ይችላል? አሉ። ተሳስታችኋል ብሎ በልኬት የሚያሳምናቸውም አልነበረም። አረሩ ከአፈሙዝ ሲወጣ ያለውን ፍጥነት ያወቀ ሰው ስላልነበረ፣ በመንገድ ላይ ምን ያህሉን እንዳጣ ማስላት አልተቻለም።

ይህን ዝምታ የሰበረው ቤንጃሚን ሮቢንስ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። ሮቢንስ በ1707 በባዝ ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ኩዌከር ከሚባለው፣ ጦርነትን ከሚያወግዘው የሃይማኖት ወገን ነበሩ። የሰላም ሰዎች ልጅ የአረርን ኃይል ከመረመሩት ቀዳሚ ሊቃውንት አንዱ ሆነ። በ1742 ያሳተመው ስለ አዲሱ የተኩስ ጥበብ መርሆች የሚናገር መጽሐፍ ገጹ ብዙ አይደለም፤ የያዘው ነገር ግን የመድፈኛውን ትምህርት ከሥሩ ያናወጠ ነበር።

ዘዴው እንዲህ ነው። ሮቢንስ ሦስት እግር ካለው ማቆሚያ ላይ እንደ ዥዋዥዌ የሚወዛወዝ ብረት አንጠለጠለ፤ በብረቱም ፊት ወፍራም እንጨት ገጠመበት። ከጠመንጃ የተተኮሰው አረር እንጨቱ ውስጥ ሲቀረቀር ዥዋዥዌው ወደ ኋላ ይሄዳል። ከታች የታሰረለት ጥብጣብም አብሮት ይሳባል። የተሳበው ጥብጣብ ርዝመት ዥዋዥዌው ምን ያህል እንደ ተገፋ ይመሰክራል። ዥዋዥዌው ወደ 25 ኪሎ ግራም፣ አረሩ ደግሞ ወደ 38 ግራም ይመዝን ነበር። አረሩ እንቅስቃሴውን ከእርሱ ስድስት መቶ ጊዜ በላይ ለሚከብድ አካል ሲያካፍል ፍጥነቱ በዚያው መጠን ይወርዳል። በሰከንድ 500 ሜትር ገደማ የነበረው፣ በሰከንድ አንድ ሜትር እንኳ ወደማይሞላ ዝግታ ይለወጣል። ዝግታን ደግሞ ዓይን ያያል፤ ጥብጣብ ይለካል።

ይህን ባነበብኩ ጊዜ ያስደነቀኝ የሒሳቡ ጥልቀት አልነበረም። ሮቢንስ ፈጣኑን ነገር ለመያዝ ከእርሱ የፈጠነ ነገር አለመፈለጉ ነው። አላሳደደውም፤ ለዝግተኛ ምስክር አሳልፎ ሰጠው። ከዚያ ወዲህ የተነሡት መሣሪያዎች አብዛኞቹ በየመንገዳቸው ይህንኑ ብልሃት እንደ ተከተሉ ወደ ፊት እናያለን።

ምስክሩ የተናገረው ነገር አስደንጋጭ ነበር። ሮቢንስ ዥዋዥዌውን አንዴ አቅርቦ፣ አንዴ አርቆ እየተኮሰ በሁለቱ ርቀቶች መካከል የጠፋውን ፍጥነት አሰላ። በዚያ ፍጥነት የሚበር አረር ላይ አየር የሚያሳድረው ተቃውሞ ከአረሩ ከራሱ ክብደት ከመቶ ጊዜ በላይ ሆኖ ተገኘ። ስስ ነው የተባለው አየር ግድግዳ ሆነ! ፍጥነቱ ወደ ድምፅ ፍጥነት ሲቃረብ የተቃውሞው ሕግ እንደሚለወጥም አስተዋለ። ታላቁ የሒሳብ ሊቅ ኦይለር በ1745 መጽሐፉን ወደ ጀርመንኛ ሲተረጉም ከመጽሐፉ የሚበልጥ ሐተታ ጨመረበት። ወጣቱ ናፖሊዮንም በኦክሶን የመድፈኛ ትምህርት ቤት ሳለ የሮቢንስን ሥራ አጥንቷል። ሮቢንስ ራሱ ግን ብዙ አልቆየም፤ ለእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ምሽጎችን ሊያንጽ ወደ ሕንድ ተሻግሮ በ1751 በዚያው አረፈ።

ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ምስክርነቱ ከዥዋዥዌ ወደ ኤሌክትሪክ ተላለፈ። በ1860ዎቹ ለ ቡላንዤ የተባለ የቤልጅየም የመድፈኛ መኮንን አንድ ክሮኖግራፍ ሠራ። ክሮኖግራፍ ከግሪክኛ የመጣ ቃል ነው፤ “ክሮኖስ” ጊዜ፣ “ግራፎ” እጽፋለሁ ማለት ነው። ጸሐፌ ትእዛዝ እንደምንለው ሁሉ ይህንንም “ጸሐፌ ጊዜ” ብንለው ያምርበት ነበር። ለ ቡላንዤ በአረሩ መንገድ ላይ፣ በታወቀ ርቀት፣ ሁለት የሽቦ መጋረጃዎችን ዘረጋ። በሽቦዎቹ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ሁለት ማግኔቶችን ያነቃል፤ ማግኔቶቹም አንድ ረጅም ዘንግና አንድ አጭር ክብደት አንጠልጥለው ይይዛሉ። አረሩ የመጀመሪያውን ሽቦ ሲበጥስ ረጅሙ ዘንግ መውደቅ ይጀምራል። ሁለተኛውን ሲበጥስ አጭሩ ይወድቅና አንዲት ስለት ያስፈነጥራል፤ ስለቷም በመውደቅ ላይ ያለውን ዘንግ ትጭረዋለች። ጭረቱ ያለበትን ቦታ የለካ ሰው፣ ዘንጉ ምን ያህል ጊዜ እንደ ወደቀ ያውቃል፤ የመውደቅን ሕግ ጋሊልዮ አስቀድሞ አስተምሮታልና። እዚህም ላይ ስለ ፈጣኑ የመሰከረው ዝግተኛው ነው።

ይህ ዘመን ለእኛም ሩቅ አይደለም። በቀረርቶአችን ስሙ የገነነው ውጅግራ፣ ፈረንሳዮች በ1874 ሞዴልነት ያወጡት “ፉዚ ግራ” ነው፤ ስሙም በአማርኛ አንደበት ተሞርዶ ነው ውጅግራ የሆነው። በ1896 በዓድዋ ከተሰለፉት የኢትዮጵያ ጠመንጃዎች መካከል ነበረ። አረሩ ከአፈሙዙ ሲወጣ ፍጥነቱ በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ ነው። ድምፅ ደግሞ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። እንግዲህ በመቶ ሜትር ርቀት ላይ የቆመ ሰው፣ የውጅግራው ተኩስ በጆሮው ከመድረሱ በፊት አረሩ አጠገቡ ደርሷል ማለት ነው። የተኩሱን ድምፅ የሰማ ሰው፣ ያ አረር የሳተው ወይም ያልገደለው ሰው ነው። ይህን ሳስብ፣ ከዚያ ጦርነት የተረፉት ስለ ጠመንጃው ጩኸት ያወሩልን ነገር ሁሉ ሌላ ትርጉም ይይዝብኛል።

በዚያው ክፍለ ዘመን ከድምፅ የሚፈጥን አረር የክርክር ምክንያት ሆኖ ነበር። በ1870 እና 1871 በፈረንሳይና በፕሩሲያ ጦርነት የወታደሮች ቁስል እጅግ ሰፊ ሆኖ በመገኘቱ፣ በ1868 በሴንት ፒተርስበርግ ስምምነት የታገደውን ፈንጂ ጥይት መጠቀም ለክስ መነሻ ሆነ። አረሩ ከፊቱ የታመቀ አየር ገፍቶ ይገባ ይሆን የሚል መላ ምትም ተሰነዘረ። ፊዚሲስቱ ኤርንስት ማኽ ይህን ሰምቶ ነገሩን ለማየት ተነሣ። በ1886 ባልደረባው ፒተር ዛልኸር በፊዩሜ ከተማ በኤሌክትሪክ ብልጭታ የበራሪ አረር ፎቶግራፍ አነሣ፤ በፊቱም ጀልባ ውኃ ሲሰነጥቅ የሚታየውን የመሰለ የአየር ማዕበል ታየ። ለዘመናት ከዓይን ተሰውሮ የኖረው መንገድ በአንድ ምስል ላይ ተገለጠ።

ዛሬ ይህ ሁሉ ከቦርሳ ውስጥ የሚወጣ ዕቃ ሆኗል። በምኖርበት በአሜሪካ አንድ ወዳጄ ወደ ተኩስ መለማመጃ ሜዳ ወስዶ የሽጉጥ ጥይት ፍጥነት እንዴት እንደሚለካ አሳይቶኛል። ክሮኖግራፉ በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ፣ ከአፈሙዙ ሦስት ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ይቀመጣል፤ የባሩዱ ነበልባልና ግፊት እንዳያሳስተው ነው። መሣሪያውን ለማስቀመጥ መሻገር የሚቻለው ተኩስ ቆሞ፣ ሁሉም ሽጉጡን አራግፎ ካኖረ በኋላ ብቻ ነው። በላዩ ሁለት የብርሃን ዓይኖች አሉት። አረሩ በላያቸው ሲያልፍ ጥላው በመጀመሪያው ላይ ያርፋል፤ ቀጥሎ በሁለተኛው ላይ። በሁለቱ ጥላዎች መካከል ያለፈውን ጊዜ ኳርትዝ ይቆጥራል። ዓይኖቹ 30 ሳንቲ ሜትር ቢራራቁ፣ በሰከንድ 350 ሜትር የሚበር አረር ያንን ለማለፍ የሰከንድ አንድ ሺሕኛ እንኳ አይፈጅበትም። በዓይኖቹ ርቀት ላይ የሦስት ሚሊ ሜትር ስሕተት ቢኖር መልሱ በመቶ አንድ ይዛባል። በ2023 ጋርሚን ያወጣውን የመሰለው የራዳር ክሮኖግራፍ ደግሞ በመዳፍ የሚያዝ ሲሆን፣ ከተኳሹ ጎን ተቀምጦ አረሩን ከኋላው ይከተለዋል፤ ጥላ አይሻም፣ ደመናና ፀሐይም አያሳስቡትም።

ከአንድ ሳጥን የወጡ ጥይቶች እርስ በርሳቸው እኩል አልነበሩም። አንዱ ይፈጥናል፣ አንዱ ይዘገያል፤ ለዚህም ነው ለካዮች ብዙ ተኩሰው አማካዩን የሚይዙት። ሳጥኑ ላይ የታተመው ቁጥርና ክሮኖግራፉ ያሳየው ቁጥርም አልተገናኙም። ፋብሪካው የሚለካበት አፈሙዝ ብዙ ጊዜ ከኪስ ሽጉጥ አፈሙዝ ይረዝማል፤ ባሩዱ አረሩን የሚገፋበት መንገድ ሲያጥር ፍጥነቱም ይቀንሳል። ብርድም የባሩዱን ጉልበት ሊቀንሰው ይችላል። ጽሑፉ ውሸት አይደለም፤ እውነትነቱ ግን ለሌላ አፈሙዝ ነው።

ለእኛ ለጽሑፍ ወዳጆች ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ቁም ነገር አለ። የተለመደው የዘጠኝ ሚሊ ሜትር ሽጉጥ አረር፣ 7.5 ግራም ያህል የሚመዝነው፣ በሰከንድ 350 ሜትር ገደማ ይወጣል፤ ከድምፅ ጋር ትከሻ ለትከሻ ነው። የ.45 ሽጉጥ አረር ክብደቱ እጥፍ፣ ወደ 15 ግራም ሲሆን፣ ፍጥነቱ 255 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ድምፁ ቀድሞት ይደርሳል። በልብ ወለዶቻችን “ተኩሱ ተሰማ፤ ሰውየውም ወደቀ” የሚለው ዐረፍተ ነገር ለ.45 ሽጉጥ ትክክል፣ ለውጅግራ ግን ስሕተት ነው! ሆኖም በ25 ሜትር ርቀት ላይ ድምፁ አረሩን የሚቀድመው በሰከንድ አንድ አርባኛ ያህል ነው። በዚህች ቅጽበት ሰው ዓይኑን እንኳ ጨፍኖ አይገልጥም። ማስጠንቀቂያው ቀድሞ ቢደርስም የሚጠቅመው ሰው የለም።

“እንደ ጥይት” ስንል እንግዲህ ስለ የትኛው ጥይት ነው የምንናገረው? ከባዱና ዘገምተኛው፣ ቀላሉና ፈጣኑ፣ ሁሉም በዚያች አንዲት ቃል ውስጥ አሉ። ንጽጽሩን እንተወው አልልም፤ ቋንቋ በክሮኖግራፍ አይመራም። ነገር ግን ቃሉን ስናነሣ ክብደቱን ብናውቀው መልካም ነው። ጸሐፌ ጊዜ ቃሉን የሚሰጠው ከአፈሙዙ ትንሽ ራቅ ብሎ ስላለፈው አረር ነው። ፍጥነቱን ይጽፋል፤ ወዴት እንደሚሄድና ማንን እንደሚያገኝ አይጽፍም። ያን የመጻፍ ዕዳ ከጥንትም የእኛ ነበር።